ዝም ያለች ልጅ ድናለች ማለት አይደለም

(በፍኖተ ሰላም በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት ነርስ አባላችን የቀረበ ንግግር)



እንደ ልማዳችን ከቁጠባውና ከብድሩ ሒሳብ በኋላ አንዳችን የምናውቀውን ለሌሎቹ እናካፍላለን። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። የመረጥሁት ነገር ለጆሮ ይከብዳል። ሆኖም አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እኛም ከደበቅናቸው በሽታዎች ሁሉ ይህን የመሰለ የለም። የምነግራችሁ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ውስጣቸው እንዴት እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱን በምን እንደምንለይና እንዴት እንደሚታከም ነው።

በባሕር ዳር ተደፍራ የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ነገር በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አገሩን ሁሉ እንዳስለቀሰ ታስታውሳላችሁ። ወንጀለኛው 25 ዓመት ተፈረደበት፤ ሕዝቡም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ተገቢ ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስለ ሞተችው ስናለቅስ፣ ተጠቅተው በሕይወት ስለተረፉት ልጆች ማን ይጠይቃል? እነሱ ዛሬም ውኃ ይቀዳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ትምህርት ቤት ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ በእኛው ሰፈር፣ በእኛው ቤት ናቸው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሴቶች መካከል ከ370 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ከስምንት አንዷ፣ 18 ዓመት ሳይሞላት ተደፍራለች ወይም ሌላ ጾታዊ ጥቃት ደርሶባታል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ አሥሩ ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት ግን ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ትልቋ ሴት እንዲህ ዝም ካለች፣ ልጅቷ ምን ያህል ዝም እንደምትል አስቡት።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

የእኛ አገር የበቆሎ አገር ነው፤ ስለዚህ በበቆሎ ልመስለው። እሸት ሲደርስ ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮና ወፍ ይጠብቃል። አውሬ ሲመጣ ይጮኻል፣ ወንጭፉን ያስወነጭፋል። አውሬው ሲሄድ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያርፋል። የሰው አእምሮም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለው። አደጋ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። ከባድ ጥቃት በደረሰባት ልጅ ላይ ግን ጠባቂው ማረፍ ያቅተዋል። ነፋስ ቅጠሉን ባንኮሻኮሸው ቁጥር አውሬ መጣ ብሎ ይጮኻል። የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ፣ የአረቄ ሽታ ሲሸታት፣ አጥቂውን የሚመስል ድምፅ ስትሰማ፣ ሰውነቷ ጥቃቱ አሁን እየደረሰ ያለ ያህል ይርዳል። ይህ ስንፍናም እብደትም አይደለም፤ ሥራውን ማቆም ያቃተው የጠባቂው ድካም ነው።

በጥቃቱ ሰዓትም ብዙ ልጆች አይጮኹም፣ አይታገሉም። ሰውነት መሸሽም መታገልም እንደማይችል ሲረዳ ይደነዝዛል፤ እግር አይታዘዝም፣ ድምፅ አይወጣም። ስለዚህ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚለው ጥያቄ ልጅቷን ሁለተኛ ያቆስላታል። ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ሳይቀር ሰዎችን አሳስቷል። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊዎቹ ከተፈረደባቸው በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነገሩ በፈቃዷ የሆነ ይመስላል ብሎ ለቀቃቸው። ጉዳዩ እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ደረሰ፤ ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መብቷ ተጥሷል ብሎ መንግሥት 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲክሳት ወሰነ። ከጥቃቱ እስከዚያ ውሳኔ 15 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በምን እናውቃለን?

ልጆች በቃላቸው ከመናገራቸው በፊት በጠባያቸው ይናገራሉ። ምልክቱም እንደ ዕድሜያቸው ይለያያል።

ከስድስት ዓመት በታች ያሉት ትተውት የነበረውን ሽንት በእንቅልፍ መሽናት እንደገና ይጀምራሉ፤ ከእናታቸው ቀሚስ አይለቁም፤ ሌሊት እየጮኹ ይነቃሉ። በጨዋታቸው ያንኑ የሚያስፈራ ነገር ይደጋግሙታል፤ ከዕድሜያቸው በላይ የሆነ ጾታዊ ነገር ያሳያሉ ወይም ይናገራሉ።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ሆዳቸውንና ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ጤና ጣቢያ ሲመረመሩ ግን በሽታ አይገኝም። ጎበዝ የነበረችው ልጅ በድንገት ፊደል የጠፋባት ትመስላለች። አንድ የተወሰነ ቤት አልሄድም፣ ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር አልላክም ትላለች። ይህችን «አልላክም» እንደ ጥጋብ ቆጥረን አለንጋ ከማንሣታችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ ሁለት መንገድ ይይዛሉ። አንዷ ከሰው ትርቃለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ገላዋን ደጋግማ ትታጠባለች፣ ሞቴን በወደድኩ ትላለች። ሌላዋ ትቆጣለች፣ ትጠጣለች፣ ከቤት ትጠፋለች። ሁለተኛዋን ሰፈሩ «ባለጌ» ይላታል። የሁለቱም ሕመም ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሽንት የሸና ሕፃን ሁሉ ተጠቅቷል ማለት አይደለም። ልጁ በድንገት ከተለወጠ፣ ለውጡም ሳምንታት ከቆየ፣ ጠጋ ብለን እንጠይቅ። ራሴን አጠፋለሁ ያለችን ልጅ ግን አንድ ቀንም አንጠብቅ፤ ለብቻዋ ሳንተዋት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እንውሰዳት። ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለና ኑሮዋን ካወከም በራሱ ይለቃታል ብለን አንተወው፤ መታከም አለበት።

ወንዶች ልጆችንም አንርሳ። እረኛው፣ የቆሎ ተማሪው፣ በየከተማው የቀን ሥራ የሚሠራው ልጅ ይጠቃል። ወንድ በመሆኑ የሚያምነው ስለሚያጣ ከሴቷ ይበልጥ ዝም ይላል።

አሁን ስለ አካላዊ ምርመራ አንድ ነገር ልበል። በብዙ የተጠቁ ልጆች ገላ ላይ ምንም ምልክት አይገኝም። ስለዚህ «ድንግልናዋ አለ፣ የለም» ብሎ መፈተሽ ጥቃቱን አያረጋግጥም፣ አያስተባብልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2011 ዓ.ም. ይህ ፈተሻ በየአገሩ እንዲቀር ጠይቀዋል። በየቤቱ አክስትና አያት የሚያደርጉት ፈተሻም ለልጅቷ ሌላ ጥቃት ነው።

ጥቃቱ የሚደርሰው የት ነው?

ልጆቻችንን ከማያውቁት ሰው እናስጠነቅቃለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥቂው የሚያውቁት ሰው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አከራይ፣ አሠሪ ይሆናል። የአካባቢያችንን ኑሮ እዩት። ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከወምበርማ ገጠር የሚመጡ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ቤት ይከራያሉ። ቅዳሜ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያያቸው የለም። የበሩ መቀርቀሪያ ደካማ ነው፣ መጸዳጃው ግቢ ጥግ ነው፣ የቤት ኪራዩ ቀን ሲያልፍ አከራዩ ያስፈራራል። በሰው ቤት የሚሠሩ ትንንሽ ልጆችም ወጥ ቤት ወይም መተላለፊያ ላይ ነው የሚተኙት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የዋሉ ልጆች በዙ፤ መንገድ ሲዘጋም የተጎዳችውን ሐኪም ዘንድ ማድረስ ከባድ ሆነ።

ያለ ዕድሜ የተዳረችውንም ልጅ ከዚሁ ነው የምቆጥራት። ድግስ ተደግሶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሽማግሌ መርቆ ሊሆን ይችላል። ለ12 ዓመቷ ልጅ ግን ያ ሌሊት ያው ሌሊት ነው። ስንቶቻችን በዚያው አልፈናል? ስለዚህ ነው አንዳንዶቻችን ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ልባችን የሚመታው። ዩኒሴፍ ባጠናቀረው መረጃ በአገራችን ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ሳይሞላቸው፣ ከመቶ 14ቱ ደግሞ 15 ሳይሞላቸው ነው የተዳሩት። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን እናድርግ?

ልጅ ተጠቃሁ ካለች ጊዜው በሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው የሚሠራው። የአባላዘር በሽታ ሕክምናና ክትባትም አለ። የሚቻል ከሆነ ከምርመራው በፊት አትታጠብ፤ ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቅለል። ታጥባ ከሆነም አትገሥጿት፣ ይዛችኋት ሂዱ። ሦስቱ ቀን ካለፈም እንኳ ሂዱ፤ ሌላው ሕክምና አያልፍበትም። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካገኛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የምትልክላችሁ እሷ ናት።

ልጅቷ ስትነግራችሁ የምትሏት ቃል የመጀመሪያው መድኃኒቷ ነው። «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ብቻሽን አይደለሽም፤» ይህ ይበቃል። እያንዳንዱን ነገር እንድትዘረዝር አታስገድዷት። እያንዳንዱ ጎረቤት እየመጣ «እስቲ ንገሪኝ» ሲላት ቁስሏ በየቀኑ ይከፈታል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡላት፤ ለሐኪምና ለሕግ መንገር ግድ ይሆናልና። ይልቅ «የሚረዱንን ብቻ ነው የምነግረው» በሏት።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ሽምግልና የአገራችን ክብር ነው፤ ስንት ደም አድርቋል። በልጅ ገላ ላይ ግን ካሣ ተቆርጦ አይታረቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያችኑ ልጅ ካገባ ከቅጣት ነፃ ያወጣው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሽሯል፤ ዛሬ ጠላፊው ቢያገባትም ይከሰሳል። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ከጥቃቱ ያረገዘች ልጅም በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ብትሻ ሕጉ የራሷን ቃል ይቀበላል፤ ሌላ ማስረጃ አምጪ አይላትም። ልጅቷን ለደፈራት ሰው መዳር ማለት ቁስሉን ከሠሪው ጋር አንድ ጎጆ ማስገባት ነው።

እንዴት ይታከማል?

አሁን ወደ ደስ የሚለው ደረስሁ፤ ይህ ጉዳት ይድናል። ብዙ ልጆች የሚያምናቸው ሰው፣ ደኅና ቤትና የዘወትር ኑሮ ሲያገኙ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ላልቻሉት ደግሞ በጥናት የተፈተነ የንግግር ሕክምና አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ በየሳምንቱ ከአንድ ከሠለጠነ ሰው ጋር ትገናኛለች። መጀመሪያ ሰውነቷ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ትማራለች። ቀጥሎ መረጋጋትን ትለማመዳለች። ከዚያ ስሜቷን በስሙ መጥራት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ መመርመር ትጀምራለች። አቅም ስታገኝ የሆነውን ነገር በራሷ ፍጥነት፣ በቃል ወይም በሥዕል ትናገራለች። መጨረሻ ላይ እናቷ ወይም አሳዳጊዋ አብረው ይቀመጣሉ። እናት በዚህ ሕክምና ውስጥ ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ የእናት መረጋጋት ለልጅ ይጋባል።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» እንዳትሉ። በዛምቢያ ሉሳካ ውስጥ 257 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከ10 እስከ 16 ጊዜ ከተገናኙ በኋላ የታከሙት ልጆች ምልክት ከመቶ 82 ያህል ሲቀንስ፣ በተለመደው አገልግሎት የቆዩት ግን ከመቶ 21 ያህል ብቻ ነው የቀነሰላቸው። በኮንጎም በጦርነት ውስጥ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው 52 ልጃገረዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቡድን 15 ጊዜ ተሰብስበው የታከሙት በግልጽ ተሽሏቸዋል። በቡድን መሰብሰብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ መድኃኒትም ልንገራችሁ። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች ብላችሁ የማስተኛ ኪኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጧት። ከጥቃቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለዚህ ምልክት እንዲህ ያለ መድኃኒት እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እናንተ የምትችሉት ሌላ ነው። ስትደነግጥ ትኩስ ቡና እንደምታበርድ ቀስ ብላ እፍ እንድትል አድርጓት፤ አየር በቀስታ ሲወጣ ልብ ይረጋጋል። «አሁን ያለሽው እኔ ጋ ነው፤ ዙሪያሽን እዪ፣ የምታዪውን አምስት ነገር ንገሪኝ» በሏት። በሰዓቷ ትብላ፣ በሰዓቷ ትተኛ፣ ትምህርት ቤት ትመለስ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወት።

ብዙ ቤተሰብ «ቡዳ በልቷት ነው፣ ዛር ነው» ብሎ መጀመሪያ ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን አልከለክልም፤ ጸሎት ለስንቶቻችን ብርታት ሆኗል። ግን ሁለቱ አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም እንደዚያው ነው። የ28 ቀኑ መድኃኒት በጠበል ሰበብ አይቋረጥ፤ ልጅቷም አትታሰር፣ አትገረፍ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ብቻዋን አትደር።

እኛ ምን እንችላለን?

በ1996 ዓ.ም. በክልላችን ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶች ከአንዲት ሴት መሪ ጋር በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የሚማሩት የትምህርት ቁሳቁስ ያገኛሉ፤ ጎልማሶቹ ይወያያሉ፤ ልጃቸውን ያልዳሩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሸለማሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ያገቡት፣ ለማነጻጸሪያ ከተያዘችው ቀበሌ ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂት ሆኑ። የተሠራው በመሰብሰብና በመነጋገር ነው፤ ሁለቱንም እኛ እናውቅበታለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ይምረጥ፤ ልጅ ወይም እናት ሌሊትም ቢሆን የምታንኳኳው በር የእነሱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከየሳምንቱ ቁጠባ ትንሽ ተቀንሶ ለመኪና መሳፈሪያ ብቻ የሚሆን ሣጥን ይኑረን፤ 72 ሰዓቱ ገንዘብ በመፈለግ አያልቅብን። ሣጥኑ ሲከፈት ለማን እንደወጣ በስብሰባ አይነገር፤ ሒሳቡ ብቻ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ በየሰፈራችን ቤት የተከራዩ ተማሪዎችን ስም እንያዝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልተን እንጥራቸው፣ የበራቸውን መቀርቀሪያ እንይላቸው።

ደጋፊዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሚያስፈልገን ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት የሚቆዩ፣ በየጊዜው የሚመክራቸውና የሚያግዛቸው ባለሙያ ያላቸው፣ የአገሩን አነጋገር የሚያውቁ አማካሪዎች ናቸው። ሕክምናው ከ10 ጊዜ በላይ መገናኘት ይጠይቃል፤ አምስተኛው ላይ አማካሪዋ ከሄደች ልጅቷ ዳግም የተከዳች ያህል ይሰማታል። የልጆቹን ፎቶና ታሪክ ለሪፖርት አትጠይቁን፤ ስንት ልጅ ታክሞ ትምህርት ቤት እንደተመለሰ ቁጥሩን እንሰጣችኋለን።

በመጨረሻ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ይህን ስትሰሙ የራሳችሁ ልጅነት የመጣባችሁ ትኖራላችሁ። ጊዜው አላለፈባችሁም፤ ሕክምናው ለእናንተም ይሠራል። ከቡናው በኋላ ጓሮ በኩል እቆያለሁ፤ ማውራት የምትፈልግ ትምጣ።